በሰውነት የመከላከል ሥርዓት አምሳያ መፍትሔ መፈለግ፦ የማዳበሪያ መጋዘን ቦታ አመራረጥ በወሎ

አንድ የወሎ ወረዳ ለማዳበሪያ መጋዘን ከታሰቡ 60 ቦታዎች መካከል 10ሩን ብቻ የመሥራት አቅም ቢኖረው፣ አሥሩን ለመምረጥ ያሉት አማራጮች 75,394,027,566 ይሆናሉ። በዚህ ሁሉ አማራጭ ላይ ኮሚቴ ተቀምጦ ሊመክር አይችልም፤ ኮምፒውተርም አንድ በአንድ ልመዝን ቢል ቀናትና ወራት ይፈጅበታል። ይህ መመሪያ እንዲህ ያለውን ምርጫ የሰውነትን በሽታ የመከላከል ሥርዓት በሚከተል አልጎሪዝም እንዴት መሥራት እንደሚቻል ያሳያል። የተጻፈው ፓይተንን ወይም ሌላ የፕሮግራም ቋንቋን በመጠኑ ለሚያውቅና ለወረዳው፣ ለዩኒየኑ ወይም ለመመረቂያ ጽሑፉ ተመሳሳይ ሥራ ለያዘ ሰው ነው። የምሳሌው ቁጥሮች ለማስረዳት የተመረጡ ስለሆኑ በወረዳዎ ቁጥሮች ይተኳቸው።

ይህን ስልት ከሌሎቹ አስበልጬ የምመክርበት ዋና ምክንያት አንድ መልስ ብቻ ሳይሆን እርስ በርሳቸው የሚለያዩ በርካታ ጥሩ መልሶችን አቆይቶ የሚያቀርብ መሆኑ ነው። በወረዳ ምክር ቤት ፊት አንድ ዕቅድ ብቻ ይዞ የቀረበ ባለሙያ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተነሥተው «እዚያ ቦታ ላይ የይዞታ ክርክር አለ» ባሉ ጊዜ የሚመልሰው ያጣል። ሦስትና አራት ዕቅድ የያዘ ግን ውይይቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ከዚህ በታች በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ የሚደረገው ጥንቃቄ ሁሉ ይህን የመልስ ብዝኃነት ከመጥፋት ለመጠበቅ ነው።

ከሰውነት የተወሰደው ሐሳብ

ሰውነታችን አይቶት የማያውቀውን ተሕዋስ የሚመክተው ለእያንዳንዱ ወራሪ አስቀድሞ የተለካ መልስ አዘጋጅቶ አይደለም። በመቅኒ ውስጥ የሚፈጠሩት ቢ ሴሎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ዓይነት ተቀባይ ይዘው ይወጣሉ። ይህ ሁሉ ልዩነት የሚመጣው የጂን ቁርጥራጮች በተለያየ ቅንብር በመገጣጠማቸው መሆኑን ያሳየው ሱሱሙ ቶነጋዋ እ.ኤ.አ. በ1987 የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል። አውስትራሊያዊው ፍራንክ ማክፋርሌን በርኔት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1957 ባቀረበው የክሎን ምርጫ ንድፈ ሐሳብ፣ ወራሪው በገባ ጊዜ ከእነዚህ ብዙ ሴሎች መካከል የሚገጥሙት ብቻ ተመርጠው እንደሚባዙ አስረዳ። የተባዙት ቅጂዎች በሊምፍ ኖዶች ውስጥ ሲራቡ የተቀባያቸው ጂን ከተለመደው በሚሊዮን እጥፍ ገደማ በሚበልጥ ፍጥነት ይለዋወጣል። አብዛኛው ለውጥ የማይረባ ወይም ጎጂ ነው፤ ጥቂቱ ግን ከወላጁ የተሻለ ይገጥማል፣ ያም በተራው ይመረጣል። የቆላው ወሎ ገበሬ ማሽላውን ከማጨዱ በፊት በማሳው ውስጥ ተዘዋውሮ ዛላው የሞላውን ለዘር እንደሚለይ ሁሉ ሰውነትም ይመርጣል፤ ልዩነቱ ገበሬው በዓመት አንድ ጊዜ የሚያደርገውን ሰውነት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ደጋግሞ ማድረጉ ነው። በመጨረሻም ከተመረጡት ጥቂቶቹ የትውስታ ሴሎች ሆነው ለዓመታት ይቆያሉ።

ይህን ሐሳብ ለመፍትሔ ፍለጋ ካዋሉት መካከል በሰፊው የታወቁት ብራዚላውያኑ ሌአንድሮ ደ ካስትሮና ፈርናንዶ ቮን ዙበን ሲሆኑ፣ ክሎናልግ የተባለውን አልጎሪዝማቸውን በሰፊው ያብራሩበት ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2002 ወጥቷል። በዚያው ዓመት ደ ካስትሮ ከጆን ቲሚስ ጋር ኦፕት-አይኔትን አቀረበ። ይህኛው መነሻው ኒልስ ዬርነ እ.ኤ.አ. በ1974 ያቀረበው ንድፈ ሐሳብ ነው፤ እርሱም ፀረ እንግዳ አካላት (ቢ ሴሎች ወራሪውን ለመያዝ የሚለቋቸው ተቀባዮች) ወራሪውን ብቻ ሳይሆን እርስ በርሳቸውም እንደሚተዋወቁና አንዱ ሌላውን እንደሚገታ የሚል ነው። የዬርነ ሐሳብ በሥነ ሕይወት ሊቃውንት ዘንድ ብዙ ያከራከረ ቢሆንም ለአልጎሪዝም ግን ትልቅ ጥቅም ሰጥቷል፤ ተመሳሳይ መልሶች ቦታውን ሁሉ እንዳይሞሉት የሚከላከለው እርሱ ነውና። እዚህ የምንሠራው የሁለቱን ቅይጥ ነው። እነ ስቴፋኒ ፎረስት እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረቡትና ኮምፒውተር የራሱን ከባዕድ እንዲለይ የሚያስችለው ሌላው የዚህ ቤተሰብ አልጎሪዝም ለጥበቃ ሥራ የታሰበ ስለሆነ ከእኛ ጉዳይ ውጭ ነው።

መጀመሪያ፣ ስልቱ ያስፈልጋል ወይ?

ሁሉም ችግር ይህን ስልት አይፈልግም። ለምሳሌ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በደሴ፣ በሐይቅ፣ በውጫሌ፣ በውርጌሳ፣ በመርሳና በወልድያ አድርጎ ቆቦ ድረስ የሚያደርስ አንድ መኪና ከተሞቹን በየትኛው ቅደም ተከተል ይጎብኝ ብሎ አልጎሪዝም መጻፍ ድካም ነው፤ ከተሞቹ በአንድ ዋና መንገድ ላይ ስለተደረደሩ መንገዱ ራሱ መልሱን ይሰጣል። ቦታዎቹ 24፣ መጋዘኖቹም 4 ከሆኑ አማራጮቹ 10,626 ብቻ ናቸው፤ ሁሉንም መመዘን ይቻላል፣ መመዘንም ይገባል። ዓላማው የርቀት ድምርን ማሳነስ ብቻ ሆኖ ሌላ ቅድመ ሁኔታ ከሌለበት ደግሞ እንደ ጂኤልፒኬ ያለ ነፃ የሒሳብ መፍቻ ፕሮግራም ባለ 60 ቦታውንም ችግር በትክክል ሊፈታው ይችላል። የእኛ ስልት ቦታ የሚያገኘው መለኪያው ሲወሳሰብ ነው፤ ማለትም ክረምት ሲገባ የሚዘጋ መንገድ፣ ዳገትና ቁልቁለት፣ የመጋዘን አቅም፣ በበልግና በመኸር የሚለያይ ፍላጎት በአንድነት ሲመጡ፣ እንዲሁም ከአንድ በላይ መልስ ሲፈለግ።

መለኪያውን መሥራት

ከጠቅላላው ጊዜዎ ግማሹን እዚህ ላይ ቢያጠፉ አይበዛም። አልጎሪዝሙ የሚያሻሽለው የነገሩትን መለኪያ እንጂ በልብዎ ያለውን ሐሳብ አይደለም፤ የተሳሳተ መለኪያ ሲሰጡትም የተሳሳተውን መልስ በትጋት ፈልጎ ያመጣልዎታል።

በካርታ ላይ የሚለካ ኪሎ ሜትር ለወሎ መሬት አይሆንም። በአምባሰል ሰንሰለት ግርጌና አናት ላይ ያሉ ሁለት ጎጦች በካርታ ላይ ጎን ለጎን ሆነው በእግር ግን የግማሽ ቀን መንገድ ሊለያያቸው ይችላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጎጥ እስከ እያንዳንዱ ቦታ ያለውን ጉዞ በሰዓት የሚገልጽ ሰንጠረዥ ያዘጋጁ፤ መረጃውንም በየቀበሌው ካሉት የግብርና ባለሙያዎችና መንገዱን ከሚሄዱበት ገበሬዎች ይሰብስቡ። ሰዓቱን ሲመዘግቡ መሄጃና መመለሻን ይለዩ። ገበሬው ባዶ አህያ እየነዳ ይሄዳል፣ 50 ኪሎ የሚመዝነውን የዩሪያ ወይም የኤንፒኤስ ጆንያ ጭኖ ይመለሳል፤ መጋዘኑ ከሸለቆው ውስጥ ከሆነ ጭነቱ የሚወጣው ዳገቱን ነው። ሁለቱ ጉዞዎች ተደምረው አንድ ቁጥር ይሁኑ።

ቀጥሎ ለአንድ ዕቅድ፣ ማለትም ለ10 ቦታዎች ምርጫ፣ የሚከተለውን ያስሉ። ለእያንዳንዱ ጎጥ ከአሥሩ መጋዘኖች በሰዓት የሚቀርበውን ይፈልጉ፤ ሰዓቱን በጎጡ ባሉት አባወራዎችና እማወራዎች ቁጥር ያባዙ፤ የሁሉንም ጎጦች ይደምሩ። ድምሩ የዕቅዱ ድካም ነው፤ ባነሰ ቁጥር ዕቅዱ ይሻላል። ጎጡ በልግ አምራች ደጋ ከሆነ ማዳበሪያው የሚፈለገው በየካቲት፣ መንገዱ ደረቅ ሳለ ነው። መኸር አምራች ከሆነ ግን የሚፈለገው ክረምቱ ደጅ ላይ ሲደርስ ስለሆነ፣ ወንዝ የሚያቋርጠውን መንገድ በክረምት ሰዓቱ ያስገቡት፤ ከነጭራሹ የሚዘጋ ከሆነም በጣም ትልቅ ቁጥር ይስጡት።

ድምር ብቻውን ግን ፍትሕ አይደለም። ብዙ ሕዝብ ያለባቸውን ጎጦች ለማስደሰት ሲል በዳር ያለችውን ትንሽ ጎጥ የስድስት ሰዓት መንገድ ሊያስኬዳት ይችላል፤ በዚያች ጎጥ አህያ የሌላቸው፣ ጆንያውን በጀርባቸው የሚሸከሙ እማወራዎች አሉ። እኔ ከ3 ሰዓት በላይ ያለውን እያንዳንዱን ሰዓት በሦስት እጥፍ መቁጠርን እመክራለሁ። 3 ሰዓቱም ሆነ ሦስት እጥፉ የፖለቲካና የኅሊና ውሳኔ ስለሆነ ፕሮግራሙ ውስጥ ተደብቆ አይቅር፤ በዕቅዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ተጽፎ ምክር ቤቱ ይወስንበት። ገበያም ይታሰብ፤ የባቲ ሰኞ ገበያን የመሰለ ትልቅ ገበያ ባለበት አካባቢ ሰው አስቀድሞም ወደዚያ ስለሚሄድ ከገበያው አጠገብ ያለ መጋዘን ትርፍ ጉዞ አይጠይቅም።

ፀረ እንግዳ አካሉና የመጀመሪያው ስብስብ

በዚህ ችግር ውስጥ ወራሪው ተሕዋስ ችግሩ ራሱ ነው፤ ፀረ እንግዳ አካሉ ደግሞ አንድ ዕቅድ ነው። ቦታዎቹን ከ1 እስከ 60 ቁጥር ይስጧቸው፤ አንድ ዕቅድ እንግዲህ የ10 ቁጥሮች ዝርዝር ይሆናል፦ 3፣ 7፣ 12፣ 19፣ 24፣ 31፣ 38፣ 44፣ 52፣ 59። እንዲህ ያሉ 20 ዕቅዶችን በዘፈቀደ ይፍጠሩ። «ጥሩ ይመስለኛል» የሚሉትን ዕቅድ ከመጀመሪያው ማስገባት ይቻላል፤ ከአንድ ወይም ከሁለት በላይ ግን አይሁን፤ አለበለዚያ ፍለጋው እርስዎ በሚያውቁት ሰፈር ብቻ ይሽከረከራል።

ማባዛትና መለወጥ

የስልቱ ልብ እዚህ ነው። በመጀመሪያ የእያንዳንዱን ዕቅድ የመግጠም ደረጃ ከ0 እስከ 1 ባለው ቁጥር ይግለጹ፤ ይህም ከስብስቡ የከፋው ድካም ሲቀነስ የዕቅዱ ድካም፣ ለከፋውና ለተሻለው ልዩነት ሲካፈል ነው። የከፋው 65,000፣ የተሻለው 41,000 ቢሆን 53,000 ያወጣ ዕቅድ ደረጃው 0.5 ይሆናል። ሁሉም ዕቅዶች እኩል የሆኑ ጊዜ አካፋዩ ዜሮ ስለሚሆን ፕሮግራሙ ይቆማል፤ ለዚያ ጊዜ ደረጃው ለሁሉም 1 እንዲሆን አስቀድመው ይጻፉ።

ከዚያ እያንዳንዱን ዕቅድ ያባዙ። የሚፈለገው አንድ ምርጥ መልስ ብቻ ከሆነ የቅጂውን ቁጥር በማዕረግ ማበላለጥ የተለመደ ነው፤ የስብስቡን መጠን 20ን በማዕረጉ ሲያካፍሉ አንደኛው 20፣ ሁለተኛው 10፣ ሦስተኛው 7 ቅጂ ያገኛሉ። እኛ የምንፈልገው ብዙ መልስ ስለሆነ ግን ለሁሉም እኩል 4 ቅጂ እንስጥ፤ ክሎናልግም ብዙ ጫፍ (ማለትም ብዙ የተራራቁ ጥሩ መልሶች) ባለው ችግር ላይ ሲሠራ የሚያደርገው እኩል ማከፋፈልን ነው።

ቅጂዎቹ አሁን ይለወጣሉ፤ የለውጡ መጠን ግን ከመግጠም ደረጃው ጋር በተቃራኒው ይሄዳል። ጥሩው ጥቂት ይነካል፣ ደካማው ብዙ ይለወጣል። ቀመሩ ኤክስፖኔንሻል ነው፤ ደረጃውን በ3 አባዝተው፣ ኔጋቲቭ አድርገው፣ የኢን ቁጥር (2.718) በዚያ ያንሡት። ደረጃው 1 ለሆነ ዕቅድ ውጤቱ 0.05፣ ደረጃው 0.5 ለሆነ 0.22፣ ደረጃው 0 ለሆነ 1 ነው። ይህን በ10 ሲያባዙ የሚቀየሩትን ቦታዎች ብዛት ያገኛሉ፤ ከአንድ በታች ሲሆን አንድ ያድርጉት። ስለዚህ ምርጡ ዕቅድ አንድ ቦታ ብቻ ይቀይራል፤ ለምሳሌ 44 ወጥቶ 46 ይገባል። መካከለኛው ሁለት ይቀይራል፤ የመጨረሻው አሥሩንም ይጥላል። 3ን ከፍ ቢያደርጉት ለውጡ ይቀንሳል፣ ዝቅ ቢያደርጉት ይጨምራል፤ ከ2 እስከ 5 ባለው ውስጥ ይሞክሩት።

ሁለት ነገሮች እዚህ ላይ ሥራን ያበላሻሉ። አንደኛው፣ የሚገባው አዲስ ቦታ በዕቅዱ ውስጥ ከሌሉት 50 ቦታዎች መመረጥ አለበት፤ ከ60ዎቹ ከተመረጠ አንድ ቦታ ሁለት ጊዜ ይገባና አሥር መጋዘን ያለው የሚመስለው ዕቅድ በእርግጥ ዘጠኝ ብቻ ይኖረዋል። ሁለተኛው በፓይተን ላይ ያለ ነው፤ አንድን ዝርዝር በእኩል ምልክት ለሌላ ስም መስጠት ቅጂ አይፈጥርም፣ ሁለቱም ስሞች ያንኑ ዝርዝር ይጠራሉ። ቅጂውን የለወጡ እየመሰለዎት ወላጁን ያጠፋሉ፤ ፕሮግራሙም ስሕተት መኖሩን አይነግርዎትም። የዝርዝሩን የቅጂ ትእዛዝ መጠቀም ይገባል። ከዚህ የሚጠብቅ ቀላል ፍተሻ አለ፤ የስብስቡ ምርጥ ድካም ከትውልድ (ከአንድ የማባዛት፣ የመለወጥና የመምረጥ ዙር) ወደ ትውልድ በፍጹም ሊጨምር አይገባም። አንድ ጊዜ እንኳ ከጨመረ ይህ ስሕተት አለ ማለት ነው።

ከተለወጡት አራት ቅጂዎች የተሻለው ከገዛ ወላጁ ጋር ብቻ ይወዳደር፤ ካሸነፈ ቦታውን ይውሰድ፣ ካልሆነ ወላጁ ይቀመጥ። ቅጂዎችን ሁሉ በአንድነት አወዳድሮ ምርጥ 20ዎቹን መውሰድ ፈጣን ይመስላል፤ ነገር ግን በጥቂት ትውልድ ውስጥ ሃያውም የአንድ ወላጅ ልጆች ይሆናሉ፣ የፈለግነውም ብዝኃነት ያልቃል።

መግታትና እንግዳ ማስገባት

በየ25 ትውልዱ ዕቅዶቹን ጥንድ ጥንድ አድርገው ያስተያዩ። በዘፈቀደ የተመረጡ ሁለት ዕቅዶች በአማካይ የሚጋሩት 1.7 ቦታ ገደማ ነው፤ ስለዚህ 8 ወይም ከዚያ በላይ ቦታ የሚጋሩ ሁለት ዕቅዶች አንድ ሐሳብ ናቸው ብሎ ደካማውን ማውጣት ተገቢ ነው። ገደቡን ወደ 6 ካወረዱት የመጨረሻዎቹ መልሶች ይበልጥ ይራራቃሉ፤ ነገር ግን ጥሩ ዕቅድ ከጥሩ ዕቅድ ጋር ስለተቀራረበ ብቻ ሊወጣ ይችላል። በወጡት ምትክ በዘፈቀደ የተፈጠሩ አዳዲስ ዕቅዶች ይግቡ፤ የወጡት ከ4 ካነሱ ከመጨረሻው እየወሰዱ 4 ያሟሉ።

አዳዲሶቹን በየትውልዱ የማስገባት ልማድ በብዙ ፕሮግራሞች አለ፤ እኔ አልመክረውም። አዲስ ገቢ ብዙውን ጊዜ ከነባሮቹ የከፋ ስለሚሆን በሚቀጥለው ትውልድ ወዲያው ይባረራል፣ ለመሻሻልም ጊዜ አያገኝም፤ ስብስቡም ክፍት መስሎ በእርግጥ የተዘጋ ይሆናል። የ25 ትውልድ ፋታ ይህን ያቃልላል። ከመጨረሻዎቹ 50 ትውልዶች በፊትም አዲስ ማስገባቱ ይቁም፤ የገቡት ይብሰሉ።

500 ትውልድ ቢሄድ የሚመዘኑት ዕቅዶች 40,000 ገደማ ናቸው፤ ይህም ከጠቅላላው አማራጭ ከ1.9 ሚሊዮን አንዱ ያህል ነው። በተራ ላፕቶፕ በደቂቃዎች ያልቃል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ የሚሠራ ሰው ግን ስብስቡን በየ25 ትውልዱ በፋይል ላይ ያስቀምጥ።

መፈተሽ

ውጤቱን ከማመንዎ በፊት ከወረዳው 24 ቦታዎችን ብቻ ወስደው 4 መጋዘን ይምረጡ፤ 10,626ቱን አማራጮች ሁሉ አስልተው እውነተኛውን ምርጥ ይወቁና አልጎሪዝሙ እርሱን ማግኘቱን ይመልከቱ። ካላገኘው ስሕተቱ በትልቁም ላይ አለ። ከዚያ ትልቁን ችግር በተለያየ የዘፈቀደ መነሻ ቁጥር ደጋግመው ያስኬዱ፤ በየጊዜው የሚመጡት ምርጥ ድካሞች በጣም ከተራራቁ ትውልዱን ወይም የስብስቡን መጠን ይጨምሩ። በመጨረሻ 40,000 ዕቅዶችን ምንም ሳይመርጡ በዘፈቀደ ብቻ ፈጥረው ከእነዚያ የተሻለውን ከአልጎሪዝሙ መልስ ጋር ያወዳድሩ። ዎልፐርትና ማክሬዲ እ.ኤ.አ. በ1997 እንዳረጋገጡት በችግሮች ሁሉ ላይ ሌሎቹን የሚበልጥ አንድ ስልት የለም፤ ስለዚህ ይህ ስልት ለእርስዎ ችግር መልካም መሆኑን የሚያሳየው ይህ ንጽጽር እንጂ የአልጎሪዝሙ ዝና አይደለም።

ውጤቱን ማቅረብና ማስቀመጥ

ከመጨረሻው ስብስብ ድካማቸው ከምርጡ ብዙ የማይርቅ፣ በቦታ ግን የሚለያዩ ሦስት ወይም አራት ዕቅዶችን ይምረጡ። ለእያንዳንዱ ጠቅላላ ድካሙን፣ ረጅሙን ጉዞ የምትሄደውን ጎጥ ስምና ሰዓቷን፣ ከ3 ሰዓት በላይ የሚሄዱትን አባወራዎችና እማወራዎች ቁጥር በአንድ ገጽ ይጻፉ። በሁሉም ዕቅዶች ውስጥ የሚደጋገም ቦታ ካለ ለይተው ያሳዩት፤ የትኛውም ዕቅድ ቢጸድቅ ያ መጋዘን ስለሚሠራ ግንባታው ቀድሞ ሊጀመር ይችላል።

20ዎቹን ዕቅዶች ግን አይሰርዟቸው። የጎርፍ ውኃ ድልድይ ሲወስድ፣ አዲስ የገጠር መንገድ ሲከፈት ወይም ቀበሌ ሲከፈል ሰንጠረዡ ይለወጣል፤ በዚያን ጊዜ ከባዶ መጀመር አያስፈልግም። ካስቀመጧቸው ዕቅዶች ምርጥ 10ሩን ወስደው በአዲሱ ሰንጠረዥ ድካማቸውን እንደገና ያስሉ፣ 10 አዳዲስ በዘፈቀደ የተፈጠሩ ይጨምሩባቸው፣ ከዚያ ያንኑ ፕሮግራም ያስኬዱ። የተበላሸው አንድ መንገድ ብቻ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት ቦታ ለውጥ ስለሚበቃ 100 ትውልድ በቂ ይሆናል፤ የወጣውንም ዕቅድ ከነቀኑና ከነሰንጠረዡ በተለየ ፋይል ያስቀምጡ።